ስለ እንጨት አውቶሞቢልና ስለሚጠፋው መዝገብ

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደ ተባለው ሁሉ፥ ያረጀ ዕቃም በሰው ቤት ውስጥ ወዳጅ የለውም። ወንበሩ እግሩ በተሰበረ ጊዜ ለማገዶ ይፈለጣል፤ ሣጥኑ ክዳኑ በተነቀለ ጊዜ የዶሮ ማደሪያ ይሆናል። አውቶሞቢልም ሞተሩ በደከመና አካሉ በጐሰቈለ ጊዜ ጐማው ለአንዱ፥ መስተዋቱ ለሌላው፥ ብረቱም ለቀጥቃጭ ይከፋፈላል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያ ዕቃ በዚያ ቤት እንደ ነበረ የሚመሰክር ሰው እንኳ ይታጣል። ይህ በአገራችን ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም፤ በዓለም ሁሉ ያለ የሰው ጠባይ ነው።

ዳሩ ግን ይህን ጠባይ የሚቃወሙ ጥቂት ሰዎች በየአገሩ አይጠፉም። ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናመለክት የወደድነው በእንግሊዝ አገር ስላሉት ነው። እነዚህ ሰዎች አዛዥ ሳያዛቸው፥ ደመወዝም ሳይቈረጥላቸው፥ በዕረፍት ቀናቸው የእንጨት አካል ያላቸውን አሮጌ አውቶሞቢሎች ከጋጣና ከጐተራ እያወጡ ያድሳሉ። ከዚሁም ጋራ በየአውራጃቸው አውቶሞቢል መቼ እንደ ገባ፥ ማን እንደ ገዛው፥ ማን እንደ ጠገነው ከቍርጥራጭ ወረቀትና ከደበዘዘ ፎቶግራፍ እየለቀሙ ታሪክ ይጽፋሉ። ነገሩ የሥራ ፈት ጨዋታ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። እኛ ግን በመረመርነው መጠን ለእያንዳንዱ ቤተ ሰብ የሚጠቅም ትምህርት ስላገኘንበት እንጽፈዋለን። የውጭ አገሩን ነገር በፈረንጆች አቈጣጠር፥ የአገራችንን ግን በኛው ዓመተ ምሕረት እንናገራለን።

የወይራ ዘመድ

አውቶሞቢል በተባለ ጊዜ በብዙ ሰው አሳብ የሚመጣው ብረት ነው። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች የሠረገላ ልጆች ነበሩ። ሞተሩንና መንኰራኵሩን የሚሸከመው የታችኛው አጥንት፥ ሻንሲ የሚባለው፥ ብዙውን ጊዜ ብረት ቢሆንም፥ ሰው የሚቀመጥበት አካል ግን ቀድሞ ሠረገላ ይሠሩ በነበሩ አናጢዎች እጅ ከእንጨት ይዋቀር ነበር። በእንጨቱም ላይ ስስ ብረት ወይም አሉሚኒየም በመዶሻ እየተመታ እንደ ልብስ ይለብስ ነበር። ስለዚህ በውጭ ሲያዩት ብረት የሚመስለው የዚያ ዘመን መኪና ልብሱ ቢገፈፍ ውስጡ እንደ ቤት ማገር ሆኖ ይገኛል።

ለዚህ ሥራ እንግሊዞች ከሁሉ አብልጠው የመረጡት አሽ የሚባለውን ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ የኛ የወይራ ዘመድ ነው፤ የዕፀዋት ሊቃውንት ሁለቱን በአንድ ወገን ይቈጥሯቸዋል። ጠባዩም መልካም ነው፤ ሥሩ ቀጥ ያለ ስለሆነ በመጋዝ ሲሰነጥቁት ይታዘዛል፤ ሲመቱት አይሰበርም፤ በእንፋሎት ሲታጠን እንደ ቀስት ይጐብጣል። ስለዚህ ከአውቶሞቢል አስቀድሞ የጋሪ መንኰራኵር፥ የመጥረቢያና የአካፋ እጀታ ይሠራበት ነበር። በጐርባጣ መንገድ ላይ የሚንገጫገጭ መኪናን ለመሸከም ከእርሱ የሚሻል እንጨት በዚያ አገር አልተገኘም። አንድ ነውር ግን አለበት። ከእርጥበት ጋራ አይስማማም፤ ውሃ ገብቶ ከተኛበት ይበሰብሳል። ሙሴ ታቦቱን ከማይነቅዝ እንጨት እንዲሠራ መታዘዙን እናውቃለን። የእንግሊዝ ሠረገላ ሠሪዎች ግን የመረጡት ጠንካራውን እንጂ የማይነቅዘውን አይደለም። ከዚህ በኋላ የምንናገረው ሁሉ ከዚህ ምርጫ የመጣ ነው።

ይህ ጥበብ አገራችንን የማይነካ አይደለም። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የሚባለውን አውቶሞቢል ይዞ በረሃውንና ዳገቱን እየተሻገረ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ፥ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በደስታ ተቀብለው ተቀምጠውበታል። በዚያ ጊዜ የምድር ባቡሩ ከድሬ ዳዋ አላለፈም ነበርና፥ መኪና የሚሄድበት የተጠረገ መንገድ ሳይኖር መኪናው ቀደመ ማለት ነው። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ መኪናዎች አካል የሚሠራው ከላይ በተናገርነው በሠረገላ ሠሪዎች ጥበብ ነበር። ሲድሊን የሠራው ዎልስሌይ የተባለው ድርጅት ከሃያ ዓመት በኋላ፥ በ1927፥ ዊልያም ሞሪስ በሚባለው ባለጸጋ እጅ ገብቷል። ይህን ስም አንባቢው ልብ ይበልልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ጦርነትና ቀረጥ የወለዱት መኪና

የብረት ዘመን የመጣው ቀስ በቀስ ነው። በ1926 በኦክስፎርድ አጠገብ ካውሌይ በሚባል ስፍራ ብረትን በትልቅ መጫኛ እየጨቈነ የመኪና አካል የሚያወጣ ፋብሪካ ተቋቋመ። አንድ አናጢ ብዙ ቀን የሚደክምበትን ቅርጽ መጫኛው በአንድ ጊዜ ያወጣዋልና የእንጨቱ ሥራ እየተሸነፈ ሄደ። የሠረገላ ሠሪዎች ልጆችም ወደ ሌላ ሥራ ተበተኑ።

ነገር ግን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ በኋላ እንጨቱ ሳይታሰብ ተመለሰ። ለዚህ ሁለት ምክንያቶች ነበሩ። አንደኛው ብረት በመጥፋቱ ነው። መንግሥት ብረትን የሚያድለው ዕቃውን ወደ ውጭ አገር ሸጦ ገንዘብ ለሚያመጣ ፋብሪካ ስለ ነበረ፥ ትንሹ ሠራተኛ እንጨትና አሉሚኒየም ብቻ ቀረለት። ሁለተኛው ቀረጥ ነው። በ1940 የተደነገገው የግዢ ቀረጥ ለሰው መቀመጫ በሚሆነው መኪና ላይ ከባድ ነበር። ከኋላው የዕቃ ማስቀመጫ ያለው የእንጨት አካል መኪና ግን ከጭነት መኪና ስለ ተቈጠረ ቀረጡ አያገኘውም ነበር። በዚህም ምክንያት ብዙ ሰው ሻንሲውን ብቻ እየገዛ በአካባቢው አናጢ እጅ አካል ያሠራለት ጀመር። እንዲህ ያለው መኪና አስቀድሞ በመሳፍንቱ ርስት ላይ አዳኞችንና ውሾቻቸውን፥ ከባቡር ጣቢያም እንግዶችንና ጓዛቸውን የሚያመላልስ ነበር። አሁን ግን የገበሬና የነጋዴ መኪና ሆነ። ችኰላ ያለበት ሥራ ብዙ ነበረና ከእነዚህ ብዙዎቹ ዐሥር ዓመት ሳይሞላቸው ተበታትነዋል።

በዚህ መካከል በ1948 ሞሪስ ማይነር የሚባለው ትንሽ መኪና ወጣ። አሳቡን ያፈለቀው አሌክ ኢሲጎኒስ የተባለው መሐንዲስ ነው። መኪናው በሕዝቡ ዘንድ እጅግ ተወደደ፤ በ1960 ማለቂያ ላይ ከእንግሊዝ መኪናዎች ሁሉ አስቀድሞ አንድ ሚሊዮን የሞላ እርሱ ነው። በ1953 ከዚሁ መኪና ወገን ትራቭለር፥ ማለት መንገደኛ፥ የሚባለው ተጨመረ። የፊቱ እኩሌታ እንደ ወንድሞቹ ብረት ነው። ከኋላ ግን በግልጽ የሚታይ የአሽ እንጨት ማዕዘንና ወጋግራ፥ በመካከሉም የአሉሚኒየም ገበር አለው። የኋላው በር እንደ ቤት በር ለሁለት ይከፈታል። እንግሊዞች ራሳቸው በቀልድ እንጨቱ በውጭ ከሚታየው ከጥንት የጭቃ ቤታቸው ጋራ ያመሳስሉታል። እስከ 1971 ድረስ ከሁለት መቶ ሺህ የሚበልጡ ተሠርተዋል። ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት፥ አያትን ወደ ሐኪም፥ ድንችና የከሰል ከረጢትን ወደ ቤት ያመላለሰ የቤተ ሰብ መኪና ስለ ሆነ፥ ዛሬም ያን ዘመን ያየ እንግሊዛዊ ሲያገኘው ስለ እናቱ ማውራት ይጀምራል።

አንባቢው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በሌሎች መኪናዎች ላይ የተለጠፈ እንጨት ለጌጥ ብቻ የሆነበት ጊዜ ነበር። የትራቭለሩ እንጨት ግን ጌጥ ሳይሆን ምሰሶ ነው። የኋላውን ጣራ፥ መስኮትና በር የተሸከመው እርሱ ነው። ስለዚህ በዚያ አገር በ1960 የተጀመረው የመኪና ምርመራ የበሰበሰውን እንጨት እንደ ዛገ ብረት ቈጥሮ መኪናውን ከመንገድ ያግደው ነበር። ከ2018 ጀምሮ አርባ ዓመት ያለፈውና ሥሪቱ ያልተለወጠ መኪና ከዓመታዊው ምርመራ ነጻ ሆኗል። ሆኖም ሕጉ መርማሪውን አነሣ እንጂ የባለቤቱን ኀላፊነት አላነሣም። እንጨቱን የሚመረምር ሌላ ሰው ከሌለ፥ ልጆቹን ከኋላ የሚያስቀምጠው አባት ራሱ መርማሪ መሆን ይገባዋል።

የአዳሾቹ ሥራ

መበስበሱ የሚጀምረው ከታች ነው። ዝናብ በመስኮቱ መስተዋት ሥር ባለው ቦይ ገብቶ ይቀመጣል፤ በዚያ አረንጓዴ ሽበት ይበቅላል፤ ከዚያም ወደ ታችኛው አግዳሚ ይወርዳል። ልባሱ ሳይላጥ ውስጡ እንደ እርጥብ እንጀራ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ልምድ ያለው አዳሽ በዓይኑ ብቻ አይፈርድም፤ የጩቤ ጫፍ ይዞ በየመገጣጠሚያው ቀስ ብሎ ይወጋል። ጫፉ ከሰመጠ የሞተ እንጨት ነው፤ ከገፋው ሕያው ነው።

ጥገናውም ትዕግሥት ይጠይቃል። ለትራቭለር የጐን እንጨቱን በሙሉ ሠርተው የሚሸጡ አናጢዎች ስላሉ፥ ባለቤቱ ገዝቶ በቡሎን ያሥረዋል። ቍጥራቸው ጥቂት ለሆኑት ለቀድሞዎቹ መኪናዎች ግን ንድፍ እንኳ አይገኝም። በዚህ ጊዜ የበሰበሰው ቍራጭ ራሱ መምህር ይሆናል። አዳሹ ብስባሹን ሳይጥል በጨርቅ ላይ እንደ ነበረ ያሰልፈዋል፤ የጐደለውን በወረቀት ሥሎ ይሞላዋል፤ በአዲሱ እንጨት ላይ አኑሮ በእርሳስ ይከብበዋል። ግራው ጐን ጠፍቶ ቀኙ ቢገኝ ቀኙን ገልብጦ ግራውን ያወጣል። መገጣጠሚያው አንዱ ወንድ አንዱ ሴት ሆኖ ይጠረባል፤ ሙጫ ይቀባል፤ ከዚያም ቫርኒሽ ይደረግለታል። ቫርኒሹ አንድ ጊዜ ብቻ ተቀብቶ የሚተው አይደለም። ይቀባል፥ ይደርቃል፥ በአሸዋ ወረቀት ይታሻል፥ እንደ ገና ይቀባል፤ እንዲህ እየሆነ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። መኪናው ከተጠገነም በኋላ ባለቤቱ እንጨቱን በየጊዜው እየተመለከተ ካላደሰው ድካሙ ከንቱ ነው። በዚህ ሥራ ልጆች ማሸት፥ እናቶችም የወንበሩን ልብስ መስፋት የተለመደ ስለሆነ፥ የአንድ መኪና ዕድሳት ለብዙ ዓመት የቤተ ሰብ ሥራ ሆኖ ይቈያል።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ጭንቀት መጥቶባቸዋል። አሽ የሚባለውን ዛፍ ከቅጠሉ ጀምሮ እስከ ግንዱ የሚያደርቅ በሽታ በ2012 በእንግሊዝ ጫካ ውስጥ ተገኘ። የዕፀዋት ሊቃውንት ከዛፉ ከመቶው እስከ 80 የሚደርሰው ሊጠፋ ይችላል ብለው ይገምታሉ። ሞሪስና ሌሎቹ የጥንት ፋብሪካዎች ቢዘጉም፥ በማልቨርን ከተማ የሚገኘው ሞርጋን የሚባለው የመኪና ሠሪ እስከ ዛሬ ድረስ በአካሉ ውስጥ የአሽ እንጨት ያደርጋል። ስለዚህ የዛፉ ሞት የገበሬው ኀዘን ብቻ ሳይሆን የአናጢውም ኀዘን ሆኗል።

የተጣለው መዝገብ

እንጨቱ ቢበሰብስ ሌላ እንጨት ይጠረባል። ታሪኩ ቢጠፋ ግን ከምን ይጠረባል? የእነዚህ ሰዎች ሁለተኛ ድካም ይህ ነው። እኛም ኑሯችን በመዝገብ መካከል ስለሆነ ከመጀመሪያው ይልቅ ይህ ልባችንን ነካው።

በእንግሊዝ አገር በ1903 የወጣው የሞተር መኪና ሕግ፥ ከ1904 ዓ.ም. መባቻ ጀምሮ እያንዳንዱ መኪና በአውራጃው ምክር ቤት እንዲመዘገብና ታርጋ እንዲለጥፍ አዘዘ። ፊደሉ ለየአውራጃው የታደለው በሕዝቡ ብዛት ቅደም ተከተል ነበር፤ የመጀመሪያው ፊደል ለሎንዶን፥ ሁለተኛው ለላንካሺር እያለ ይቀጥላል። በዚህም ምክንያት ጸሐፊው በትልቅ መዝገብ ላይ የባለቤቱን ስም፥ የመኪናውን ሥሪትና ቀለም፥ ለምን አገልግሎት እንደ ሆነ በእጁ ጻፈ። ጸሐፊው ይህን ሲጽፍ ለቀረጥ እንጂ ለታሪክ ብሎ አልነበረም። ነገር ግን በዚያ አውራጃ መጀመሪያ መኪና የነዳችው መበለት ማን እንደ ሆነች፥ ሐኪሙ ፈረሱን ትቶ ሞተር የያዘበት ዓመት የትኛው እንደ ሆነ፥ ሳያውቅ ለልጅ ልጅ ያስቀመጠው እርሱ ነው።

ከ1974 ጀምሮ ምዝገባው ሁሉ ስዋንሲ በሚባል ከተማ ወደ ተሠራው የማዕከል መሥሪያ ቤት በዞረ ጊዜ፥ የየአውራጃው አሮጌ መዝገብ ዋጋ የሌለው መሰለ። አንዳንዱ ምክር ቤት መዝገቡን ወደ ቤተ መዛግብት ላከው። አንዳንዱ ግን ቦታ ያጣብባል ብሎ አስወገደው። በ1983 ወደ አዲሱ መዝገብ ያልተላለፈ መኪና ደግሞ የጥንት ቍጥሩን አጣ። በጐተራ ውስጥ ተኝቶ የኖረ መኪና ዛሬ ቢገኝ፥ ባለቤቱ ቍጥሩን ለማስመለስ መኪናውና ቍጥሩ አብረው እንደ ነበሩ በጽሑፍ ማስረዳት አለበት። የቀድሞው መዝገብ በተረፈበት አውራጃ ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው። በተጣለበት አውራጃ ግን የቀረጥ ደረሰኝ፥ የጋራዥ ሒሳብ፥ ታርጋው የሚታይበት የሠርግ ፎቶግራፍ ሳይቀር ለምስክርነት ይፈለጋል።

ስለዚህ የአካባቢውን የመኪና ታሪክ የሚሰበስቡት ሰዎች ፎቶግራፍ ማንበብን ተማሩ። ሰው ፊትን እንደሚያይ እነርሱ በመጀመሪያ ራዲያተሩን ያያሉ፤ የየሥሪቱ መልክ ልዩ ልዩ ነውና። ቀጥሎ መብራቱ በጋዝ ወይም በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሆኑን፥ የፊት ፍሬን መኖሩንና አለመኖሩን፥ የመንኰራኵሩ ስፖርት እንጨት ወይም ሽቦ መሆኑን ይመለከታሉ። በመጨረሻም ከመኪናው ፈቀቅ ብለው የሴቶቹን ባርኔጣና የቀሚሳቸውን ርዝመት ያያሉ። አንዱ ብቻ ቢሆን ሊያሳስት ይችላል፤ አራትና አምስት ምልክት ሲስማማ ግን እንደ ምስክሮች ቃል ይጸናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት በዚህም ይፈጸማል።

ጉዳዩ ክብርም አለበት። በ1896 የሞተር መንዳት ነጻነት ያገኘበትን ቀን ለማሰብ በየዓመቱ በኅዳር ከሎንዶን እስከ ብራይተን በሚደረገው ጕዞ የሚገቡት ከ1905 በፊት የተሠሩ መኪናዎች ብቻ ናቸው። አንድ ዓመት ማነስና መብለጥ የመኪናውን ዋጋም የባለቤቱንም መታበይ ይለውጣል። ስለዚህ በ1930 የተቋቋመው የአሮጌ መኪና ወዳጆች ማኅበር የመኪናን ዕድሜ እየመረመረ ማስረጃ ይሰጣል። የባለቤቱን ምኞት ሳይሆን የብረቱን ቍጥርና የወረቀቱን ቃል ያዳምጣል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። የአንድ መኪና እንጨት በሙሉ ተለውጦ፥ ገበሩም ወንበሩም አዲስ ከሆነ፥ ያው መኪና ነው ወይስ ሌላ? በመካከላቸውም ስለዚህ ብርቱ ክርክር አለ። ቅዱሱን ነገር ከዓለማዊው ጋራ ማነጻጸራችን አይሁንብን እንጂ፥ በአገራችን የደብር ክዳን ስንት ጊዜ ይለወጣል? ግድግዳው ስንት ጊዜ ይመረጋል? ነገር ግን ታቦቱና ቦታው አንድ ስለሆነ፥ ሕዝቡም ሳያቋርጥ ስለሚሳለመው፥ ደብሩ ያው ደብር ነው። ከመኪና ወዳጆችም ቅን የሆኑት የሚሰጡት መልስ ከዚህ ብዙ አይርቅም። መለወጡ ነውር አይደለም፤ ነውሩ መለወጡን መደበቅ ነው ይላሉ። ስለዚህ አዳሹ የትኛው እንጨት የጥንት፥ የትኛው የዛሬ እንደ ሆነ በደብተር ጽፎ፥ በመኪናው ውስጥ አስቀምጦ ለሚቀጥለው ባለቤት ያስተላልፋል።

በቤታችን የተገኘው ፎቶግራፍ

ይህን ሁሉ ካነበብንና ከተረዳን በኋላ በቤታችን ሣጥን ውስጥ ያለ አንድ ፎቶግራፍ ትዝ አለን። አባታችን በወጣትነቱ የጭነት መኪና ረዳት ሳለ፥ ክንዱን በካሶኒው ላይ አስደግፎ የተነሣው ነው። አባታችን ካረፈ ዘመን ስላለፈ የምንጠይቀው አልነበረም፤ በጀርባውም አንዲት ፊደል አልተጻፈበትም። የእንግሊዞቹን ሥርዐት ተከትለን በማጉያ መነጽር ራዲያተሩንና አፍንጫውን ብናይ፥ ጣልያን ትቶት ከሄደ በኋላ በአገራችን መንገድ ላይ ብዙ ዘመን ያገለገለው፥ ሾፌሮች ትሬንታ ኳትሮ የሚሉት ፊያት መሆኑ ታወቀን። ካሶኒው እንጨት ነው። ከጐኑ ሳንቃዎች ግን ሦስቱ ከሌሎቹ ይልቅ ነጣ ብለው ይታያሉ። ይህን የፎቶግራፉ ጕድለት፥ ወይም የፀሐይ ነጸብራቅ መስሎን አለፍነው።

በበዓል ቀን የአባታችንን ታላቅ እኅት ልንጠይቅ በሄድን ጊዜ ፎቶግራፉን ይዘን ሄድን።

«እቴቴ፥ ይህ መኪና የማን ነበረ?» ብለን ጠየቅናቸው።

መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ካዩት በኋላ፥ «መኪናውን እኔ ምን አውቄ ልጄ፤ እንጨቱን ግን አውቀዋለሁ» አሉን።

ከዚያም ነጣ ያሉትን ሦስት ሳንቃዎች በጣታቸው እየነኩ ነገሩን። መኪናው በታርማ በር ቍልቍለት ከገደሉ ጋራ ታክኮ ጐኑ ተሰበረ። የመኪናው ጌታ ጥፋቱን በረዳቱ ላይ አድርጎ፥ ካሶኒው እስኪጠገን ድረስ ደመወዙን እንደሚይዝ ተናገረ። አናጢው አያታችን ይህን በሰሙ ጊዜ ከማንም ጋራ አልተከራከሩም። በጓሯቸው የነበረውን ዋንዛ ቈርጠው፥ ሰንጥቀው፥ ሦስቱን ሳንቃ ራሳቸው ገጠሙት። ያ ዋንዛ ለእቴቴ ሠርግ ሣጥን እንዲሆን ብዙ ዘመን ሲጠበቅ የኖረ ነበር።

«እኔ እንግዲህ ያለ ሣጥን ተዳርሁ» አሉ እየሣቁ። «አባትህ ግን እስኪሞት ድረስ ‹የእኅቴን ሣጥን ደሴ ድረስ ጭኜው ሄድሁ› ይል ነበር። አልነገራችሁም?»

አልነገረንም። ወይም ነግሮን አላዳመጥነው ይሆናል። የመኪናውን ሥሪት ከራዲያተሩ ለማወቅ ችለናል፤ አያታችን ስለ ልጃቸው የከፈሉትን ግን ከየትም መጽሐፍ ልናገኘው አንችልም ነበር። ማስረጃው በዓይናችን ፊት ነጥቶ ሲታይ የፀሐይ ነጸብራቅ ብለን አልፈነው ነበርና። ይህን የሚያውቅ በምድር ላይ የቀረ አንድ ሰው ነው፤ እርሳቸውም ሸምግለዋል።

በዚያው ቀን በፎቶግራፉ ጀርባ ላይ የሆነውን ሁሉ ጻፍን። የመኪናውን ስም በመጀመሪያ ልናኖር ብንጀምር እቴቴ ከለከሉን። «የመኪናውን በኋላ ትጽፈዋለህ፤ አስቀድመህ ዋንዛውን ጻፍ» አሉን። እንዳዘዙን አደረግን።

እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ በየቤታችሁ ካለው ሣጥን ውስጥ አባት ወይም አያት ከመኪና አጠገብ የተነሡበት ፎቶግራፍ አይጠፋም። አንዱ ከትሬንታ ኳትሮ፥ ሌላው ከሴይቼንቶ ታክሲ፥ ሌላውም ከፎልክስዋገን ጐን ቆሞ ይሆናል። ሥራው ብዙ ወጪ የለበትም። በመጀመሪያ ፎቶግራፉን በንጹሕ እጅ አውጡት። ከቤተ ሰቡ በዕድሜ ለሚበልጡት አሳዩና ጠይቁ፤ የሚሉትን ሳታቋርጡ አድምጡ። ማን እንደ ቆመ፥ የት እንደ ሆነ፥ ዓመቱ ስንት እንደ ሆነ፥ መኪናው የማን እንደ ነበረ፥ ታርጋው የሚታይ ከሆነ ቍጥሩን በጀርባው ጻፉ። ቀለም ሰርጎ ፊት ለፊቱን ያበላሻልና በለስላሳ እርሳስ፥ እጅ ሳይጫን ይጻፍ። አሮጌ መንጃ ፈቃድ፥ የጋራዥ ደረሰኝ፥ የመኪና ባለቤትነት ደብተር ቢገኝ ከፎቶግራፉ ጋራ በአንድ ፖስታ ይቀመጥ። የተጠረጠረውን ነገር እንደ ታወቀ አድርጎ አለመጻፍ ይገባል፤ «እከሌ እንደ ነገሩን» ብሎ የነገረውን ሰው ስም ማኖር ይሻላል።

የእንግሊዞቹን የእንጨት መኪና ሁላችን ልናይ አንችል ይሆናል። ከእነርሱ የምንወስደው ግን ይህን ነው፤ እንጨቱ ሳይበሰብስ ቫርኒሹን መቀባት፥ ሽማግሌውም ሳያርፍ ነገሩን መጠየቅ ያስፈልጋል። ሁለቱም ጊዜ አላቸው፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚመጣ ትጋት ኀዘን እንጂ ጥገና አይሆንም። ለእቴቴ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልን፤ ሌላ ሁለት ፎቶግራፍ ይዘን በሚመጣው እሑድ እንመለሳለን።